የሲቀላ ቦኖና የዘለልኩት መስመር

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ነጥብ ሳላመጣ ስቀር፣ አባቴ ላንቴ ያለውን የሙዝ ማሳችንን በእጁ አሳየኝና «ሥራ ሞልቷል» አለኝ።  እናቴ ግን አልተስማማችም። በሳምንቱ ደህና ቀሚሴን አጥባ አለበሰችኝና አርባ ምንጭ ከተማ የጽሕፈት መኪና ወደሚያስተምሩ ሴትዮ ቤት ይዛኝ ሄደች። እዚያ ስድስት ወር ጣቶቼ እስኪዝሉ መታሁ። ከዚያ በላይኛው የከተማው ክፍል፣ ሴቻ፣ የከተማው ነዋሪዎች ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ደርግ ሥልጣን ከያዘም ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ ኮረብታው ጫፍ ላይ ስለሆነ ከመስኮቴ ሐይቁ ይታያል። እኔ ግን ወደዚያ የምዞረው ነፋስ ሲመጣ ወረቀቶቼን ለመያዝ ብቻ ነበር። ሥራው ብዙ ነው። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ የሚባዛ ነገር ሲመጣ ስቴንስል እመታለሁ። ስቴንስል የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ በሰም የተነከረ ስስ ወረቀት ነው፤ ፊደሉ ይበሳዋል፣ ከዚያ ማባዣው ላይ ተጭኖ ቀለሙ በቀዳዳው እያለፈ ያትማል። አንዴ ከተሳሳቱ ማረሚያው ቀይ ፈሳሽ ነው፤ ሽታው እስከ ማታ ከአፍንጫ አይወጣም።

መዝገብ ቤቱን የሚመሩት ከሰሜን የመጡ፣ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያገለገሉ አዛውንት ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። እሳቸው ዘንድ አንድ የማይታለፍ ደንብ አለ። ማንኛውም የተጻፈ ነገር ከመባዛቱ በፊት ይመሳከራል። እሳቸው በእጅ የተጻፈውን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ በመኪና የጻፍኩትን በጣቴ እከተላለሁ። ድምፃቸው የቅዳሴ ያህል ረጅምና እኩል ስለነበር ከቀትር በኋላ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያኔ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ነቅተሻል?» ይሉኛል። ተቆጥተውኝ አያውቁም።

ከሥራ በኋላ ደግሞ ቁልቁል ወደ ታችኛው ከተማ ወደ ሲቀላ ወርጄ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። የማስተምርበት የቀበሌ አዳራሽ ቀድሞ አባቴ በወንጌላዊነት ያገለገለበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሲዘጋ አባቴ ሦስት ወር ታስሮ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለዚያ ሕንፃ አይወራም። እኔም የት እንደማስተምር ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ያውቅ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ተማሪዎቼ የገበያ ሴቶች ናቸው። ቅቤ ሻጭ፣ ቆጮ ሻጭ፣ ሚጥሚጣ ሻጭ። አማርኛው ሲከብዳቸው በጋሞኛ እገልጽላቸዋለሁ። አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። አንዲት ሴት ብቻ በሩ አጠገብ፣ መሬት ላይ ትቀመጥ ነበር። ሸክላ ሠሪ ናት። ዕድሜዋ አርባ ይሆናል፤ ጣቶቿ የወፈሩ፣ ጥፍሮቿ ሥር ሁልጊዜ ጭቃ ያለበት።

በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ከሌላው ጋር አይበላም፣ አይጋባም፣ ሰው ቤት ገብቶም አይቀመጥም። አዋጁ ሁሉም እኩል ነው ይላል፤ ግድግዳው ላይም በቀይ ቀለም ተጽፏል። አግዳሚው ላይ የሚጠጋላት ግን አልነበረም። እኔም «እስቲ ጠጋ በሉላት» አላልኩም። ሌሎቹን ሴቶች በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እርስዎ እያልኩ ሳስተምር እሷን አንቺ እላት ነበር። ክፋት አልነበረውም። እንዲያውም ልብ ያልኩት ነገር አልነበረም፤ ያሳደገኝ ቤት እንዲህ ነበርና።

በትምህርት ግን ማንም አልደረሰባትም። ቤቷ ደብተር ስለሌላት ያልተተኮሰ ሸክላ ላይ በእንጨት ፊደል ትጭራለች። አንድ ጊዜ ቅቤ ሻጯ ከሷ የገዛችውን ድስት ገልብጣ ብታየው «ለ ሉ ሊ» ተጽፎበታል፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስታነብ የነበረባት ችግር አንድ ብቻ ነው፤ ትቸኩልና መስመር ትዘላለች። ያኔ «ተመለሺ» እላታለሁ። ጣቷን አንስታ ትመለሳለች።

ከሲቀላ በታች ያለው ሰፈር በዚያን ጊዜ የቧንቧ ውሃ አልነበረውም። ሴቶቹ ኩልፎ ወንዝ ወርደው ይቀዳሉ። ዝናብ ሲጥል ወንዙ ቡናማ ይሆናል፤ የሕፃናት ሆድ ሕመም የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ሰፈሩን ሊጎበኙ መጡ። ሊቀ መንበሩ ቀድሞ መምህር የነበሩ፣ ከደጋው የጋሞ አገር የመጡ ሰው ናቸው። ሸክላ ሠሪዋ ከሕዝቡ መሐል ብድግ ብላ ከወንዙ የቀዳችውን ውሃ በቅል አቀረበችላቸው።

«ይጠጡ» አለቻቸው።

ሊቀ መንበሩ ቅሉን አይተው መለሱላት። «ይህን አልጠጣም።»

«እኛ እንጠጣለን» አለች።

በዚያው ቀን ለሰፈሩ አንድ ቦኖ በመጪው ዓመት በጀት እንዲያዝ ቃል ተገባ። የቀበሌው ሴቶች ማኅበርም በጀቱ ሲገመገም ወክላ እንድትገኝ እሷን መረጣት። ሌላ ሴት ለምን እንዳልተመረጠች አውቃለሁ። ሌሎቹ መናገር ፈርተው ነበር።

ረቂቅ በጀቱ እጄ የገባው ግንቦት ውስጥ፣ ሙቀቱ ጣሪያውን በሚያስጮኽበት ሰሞን ነው። በእጅ የተጻፈ ወፍራም ጥራዝ ነበር። ሳምንት ሙሉ መታሁ። የመጨረሻዎቹን ገጾች ስጨርስ ጋሼ ለቅሶ ሄደው ነበር። ማምሻውን ደክመው ተመለሱ፤ የሞተው የልብ ጓደኛቸው ነበርና ዓይናቸው ቀልቷል።

«አመሳክረሻል?» አሉኝ።

ብቻዬን ማመሳከር እንደማይቻል ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ደክሞኝ ነበር፤ እሳቸውንም ማስነበብ አሳዘነኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ።

ፈረሙ። በማግሥቱ ተባዛ።

የግምገማው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የየቀበሌው ተወካዮች፣ የነጋዴዎች ተወካይ፣ የወጣቶች፣ የሴቶች። ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤትም አንድ ወጣት ካድሬ መጥቶ ከሊቀ መንበሩ ጎን ተቀምጧል። እኔ ከፊት ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፤ ጋሼ ከኋላዬ ናቸው።

ስብሰባው በመፈክር ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ወደ በቅሎ ጉዳይ ገባ። የከተማውን ቆሻሻ ጋሪ የምትጎትተው በቅሎ ሞታ ነበር። ግማሹ ሌላ በቅሎ ይገዛ አለ፤ ግማሹ የተበላሸው ትራክተር ይጠገን አለ። የወጣቶቹ ተወካይ በቅሎ ኋላ ቀር ናት ሲል አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ትራክተሩ ከቆመ ዓመቱ፤ በቅሎዋ ግን እስከሞተችበት ቀን ሠርታለች» አሉ። ቀጥሎ ከርከሮዎች የሕዝብ መናፈሻውን ሣር እየቆፈሩ ስላስቸገሩ አጥር ይታጠር ወይስ ዘበኛ ይቀጠር ተባለ። ከዚያ የእግር ኳስ ቡድኑ ኳስ ጠየቀ። ሁሉንም ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የከተማ አስተዳደር የሚባለው ነገር እንዲህ በቅሎና ከርከሮ መሆኑን ማየት ደስ ይላል።

ገጽ ከገጽ እየተገለጠ የውሃው ገጽ ላይ ደረስን። የሒሳብ ሹሙ አነበቡ፤ የተቃወመ የለም። ሊያልፉ ሲሉ ከኋላ አንድ እጅ ተነሳ። ሸክላ ሠሪዋ ናት። በግራ እጇ ጣት ወረቀቱን ተጭናለች።

«ጓድ ሊቀ መንበር» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «አንቺ ባለፈው ሰፈራችን መጥተሽ ቦኖ ይሠራል ብለሻል። እዚህ ወረቀት ላይ የለችም።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሊቀ መንበሩን አንቺ በማለቷ። ሊቀ መንበሩ እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙት።

«እናቴም አማርኛ ስትናገር አንቺ ነው የምትለኝ» አሉ። «ቀጥዪ።»

«ሴቻ የምትል አለች። ከሷ ቀጥላ ሲቀላ መኖር አለባት። የለችም።»

የነጋዴዎቹ ተወካይ ዞር ብለው አዩዋት። «ይቺ ሴትዮ ፊደል ከቆጠረች ገና ዓመትም አልሞላት። አንብባ ይሆን?»

እሷም ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ማንበብ ጀመረች። «ለ… ውሃ… ቦ… ኖ… ሴ… ቻ።» ጣቷን አንድ መስመር ዝቅ አደረገች። «ለ… መን… ገድ… ጥ… ገና።» ያ ሁሉ ሰው ጠበቃት። አምስት ቃል ብቻ ነበር፤ ለእኔ ግን የማያልቅ ሆነብኝ። ምክንያቱም ሁለተኛውን ቃል ሳትጨርስ ገብቶኝ ነበር። በእጅ በተጻፈው ላይ ሁለት መስመሮች ተከታትለው «ለውሃ ቦኖ» ብለው ይጀምራሉ። የሴቻውን ጽፌ ቀና ስል ዓይኔ የሲቀላውን ዘሎ የሚቀጥለው ላይ ዐርፏል።

የሒሳብ ሹሙ ዋናውን ጥራዝ አገላብጠው አዩ። «በእጅ በተጻፈው ላይ አለ። ድምሩ ውስጥም ገብቷል። የቀረው ከተባዛው ላይ ነው።»

ሰው ሁሉ ነገሩ ያለፈ መስሎት ትንፋሹን ሲያወጣ ካድሬው ብድግ አለ። በእኔ ዕድሜ ቢሆን ነው፤ ምናልባት በሁለት ዓመት ቢበልጠኝ።

«ጓዶች፣ የሰፊው ሕዝብ ውሃ ከወረቀት ላይ በራሱ አይጠፋም። እጅ አለበት። ይህ አሻጥር ነው። ማነው የጻፈው?»

ያኔ አሻጥር የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ ያላየ ሰው አያውቃትም። አባቴ ሲያዝ የተባለው እሷው ነበረች። እጄ ላይ ያለው እስክሪብቶ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

ጋሼ ቆመዋል። መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል።

«ጓድ፣ ማመሳከር የኔ ሥራ ነው። ሳላመሳክር ፈረምኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሌላ አልጨመሩም። አመሳክሬያለሁ ማለቴን አላነሱም። ያን ቀን ለቅሶ ላይ እንደነበሩም አልተናገሩም። ዝም ብል ያልፍ ነበር፤ እሳቸውም ዝም እንድል ፈልገዋል፤ ከኋላ ቀሚሴን ሳብ ሲያደርጉኝ ተሰምቶኛል። ግን አልቻልኩም።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «አመሳክሬያለሁ ብዬ የዋሸኋቸውም እኔ ነኝ።»

ካድሬው እኔንም እሳቸውንም አየ። «ስለዚህ ሁለት ናችሁ ማለት ነው» አለ። የሁለት ሰው ጥፋት ደግሞ በዚያን ጊዜ ሌላ ስም ነበረው፤ ሴራ።

 ሸክላ ሠሪዋ ገና አልተቀመጠችም ነበር። አሁን አማርኛውን ትታ በጋሞኛ መናገር ጀመረች። ካድሬው ስለማይሰማ ሊቀ መንበሩ ራሳቸው፣ የመምህርነት ድምፃቸውን አውጥተው፣ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ተረጎሙት።

«ያቺ ልጅ አስተማሪዬ ናት ትላለች። ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔ ሳነብ መስመር እዘላለሁ። ስዘል አልሰደበችኝም። አላባረረችኝም። ተመለሺ ነው ያለችኝ። ተመልሼ አነበብኩ። ዛሬ እሷ ዘለለች። ተመለሺ በሏት።»

ሊቀ መንበሩ ተርጉመው ሲጨርሱ ፈገግ አሉ፤ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌም ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳቁ ወደ ኋላ እየሄደ አዳራሹን አዳረሰው። ካድሬው አልሳቀም፤ ግን ተቀመጠ።

«ጓዲት» አሉኝ ሊቀ መንበሩ፣ «ተመለሺና ጻፊው።»

የታደሉት ቅጂዎች በሙሉ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ በየአንዳንዱ ላይ፣ በሁለቱ መስመሮች መሐል፣ «ለውሃ ቦኖ ሲቀላ» እያልኩ በእጄ ጻፍኩ።  የሷን ቅጂ ራሴ ወስጄ ሰጠኋት። ጣቷን አሳርፋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«አሁን አለች» አለች። በጀቱ ጸደቀ።

ነገሩ ያለ ቅጣት አላለፈም። ለእኔ የቃል ተግሣጽ ተሰጠኝ፤ ለጋሼ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሳቸው ተወሰነ። በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያለሁት ታይፒስት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እያለቀስኩ መታሁት። ሳወጣው ጋሼ አጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በይ እናመሳክር» አሉኝ።

ረቂቁን ይዘው በዚያ ረጅም ድምፃቸው ስለ ራሳቸው ቸልተኝነት የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። እኔ በጣቴ ተከተልኩ። ሲጨርሱ «አንድም ስህተት የለበትም፤ ጎበዝ» አሉኝና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እንዴት ይቅርታ እንደምጠይቃቸው ጠፋኝ።

«ጋሼ፣ ለምን እንዲህ አደረጉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ጡረታዬ ደርሷል። ያንቺ ገና መጀመሩ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አንስተው አያውቁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሲቀላ በታች ወዳለው ሰፈር ወረድኩ። የሸክላ ሠሪዋ ቤት ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ወንዙ ዳር ነው። ስደርስ ደጅ ላይ የተተኮሱ ድስቶችን ከአመድ ውስጥ በእንጨት እያወጣች ነበር። ስታየኝ ደነገጠች፤ ክፉ ነገር የመጣ መሰላት።

«ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት» አልኳት።

ዙሪያዋን አየች፤ ሌላ ሰው ያለ መስሏት። «እኔ ነኝ እርስዎ?» አለችና ሳቀች። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «አንቺ በይኝ። እንደ ድሮው አይደለም ግን፤ እንደ እህትሽ አንቺ በይኝ» አለችኝ። ይህን ሁሉ ስጽፍ እሷ እያልኩ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ደጅ ላይ በርጩማ አወጣችልኝና ገብታ ሙዝ ይዛ መጣች። ያልተላጠ ሙዝ። ወዲያው ገባኝ። ልጣጭ ያለው ነገር ያመጣችው እጇ የነካውን እንደማልበላ ስለምታውቅ፣ እንዳላፍርም ስለፈለገች ነው። የሙዝ አገር ልጅ ነኝ፤ ያን ሙዝ ግን ሳልልጠው ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ከውስጥ ደግሞ የፎሴሴ ሽታ ይመጣል፤ ጎመንና የበቆሎ ዱቄት ድብልብል አብረው ሲበስሉ።

«የበሰለውን ብትሰጪኝስ?» አልኳት።

አየችኝ። ቆይታ አየችኝ። «እናትሽ ብትሰማስ?»

«እኔው እነግራታለሁ።»

ገባን። ከአንድ ሸክላ፣ ዳታ ከምንለው የቃሪያ ማባያ ጋር፣ አብረን በላን። ቃሪያው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ለእንባዬ ሰበብ ሆነልኝ። ስንበላ የጠየቅኳት አንድ ነገር ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው ፊት ስትቆም አልፈራሽም ወይ ብዬ። እጅግ ፈርቼ ነበር አለችኝ። በትክክል ያነበበች አልመሰላትም፤ እንደ ልማዷ መስመር የዘለለችው ራሷ መስሏት ሦስት ጊዜ ተመልሳ አንብባለች። «አንቺን ከፊት ሳይሽ ደፈርኩ» አለችኝ። «ብሳሳት ታርሚኛለሽ ብዬ ነው።» እንግዲህ የእኔን ስህተት ያወጣችው በእኔ ተማምና ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። ወጥ እያማሰለች ነበር፤ ማማሰሏን አቆመች። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ጠገብሽ?» ብቻ አለችኝ። ከአልጋው ጫፍ ላይ አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ለተቃውሞ አልነበረም።

በቀጣዩ ሰኞ ለትምህርት ስገባ ሸክላ ሠሪዋን ከበሩ አንስቼ አግዳሚው ላይ፣ እኔ ደብተር የማስቀምጥበት ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት። ሁለት ሴቶች ተነስተው ወጡ። አንዷ በሳምንቱ ተመለሰች፤ ሌላዋ አልተመለሰችም። ቅቤ ሻጯ ግን «ጠጋ በሉ እንጂ፣ ቦኖ ያመጣችልን እሷ አይደለችም?» ብላ ነጠላዋን ሰበሰበች። ሁሉም ነገር ተለወጠ አልልም። አግዳሚው ግን ተጠጋ።

ቦኖው በታሰበው ጊዜ አልመጣም። መጀመሪያ ቧንቧ ጠፋ፣ ቀጥሎ ሲሚንቶ ጠፋ፣ ከዚያ ቧንቧውም ሲሚንቶውም ተገኝቶ ዝናቡ ገባ። ውሃው የተለቀቀው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ለሪፖርቱ ከሊቀ መንበሩ ጋር እኔም ወረድኩ። አንድ ባለሥልጣን ረጅም ንግግር ያደርጋሉ። ሴቶቹ እንስራና ባልዲያቸውን ደርድረው ንግግሩን ሳይሆን ቧንቧውን ያያሉ። ድንገት አንዲት ሕፃን ሄዳ ከፈተችው። መጀመሪያ ነፋስ ወጣ፣ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ውሃ፣ ከዚያ እንደ መስታወት የጠራ። ባለሥልጣኑ ገና አልጨረሱም ነበር፤ ማንም አልጠበቃቸውም።

ሸክላ ሠሪዋ አምስተኛ ተራ ላይ ነበረች። አንዲት ወጣት ሴት ባልዲዋን ከፊቷ ልትሰነቅር ስትል በእንስራዋ ከለከለቻት። «ተራሽን ጠብቂ» አለቻት። ወጣቷ እየተነጫነጨች ወደ ኋላዋ ሄዳ ተሰለፈች፤ ከኋላዋ፣ ተጠግታ። እኔ ያን ጊዜ እየረጠብኩ እስቅ ነበር፤ ውሃው እግሬ ሥር ጎርፎ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል።

ማምሻውን ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ጽሕፈት ቤት ስደርስ ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሳምንት ቀርቷቸው መዝገቦቻቸውን ያስተካክሉ ነበር።

«መጣ?» አሉኝ።

«መጣ ጋሼ። ጥርት ያለ ውሃ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ በዚያ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጮክ ብለው ይህን ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ጫማዬን አይተው «አውልቂውና መስኮቱ ላይ አስጪው፤ ሪፖርቱ ለነገ ይደርሳል» አሉኝ። ጫማዬን አወለቅኩ፤ በባዶ እግሬ ከጎናቸው ተቀምጬ ሐይቁ ሲጨልም አየሁ።